ያረጀ እንቅርት በድንገት ሲያድግ

የታይሮይድ ካንሰር የተገኘበት ሰው ከሐኪምም ከዘመድም ቶሎ የሚሰማው ማጽናኛ «ካንሰር መሆኑ ካልቀረ ይሄኛው ይሻላል» የሚል ነው። ለብዙዎቹ ሕመምተኞች እውነት ነው። ከአሥር የታይሮይድ ካንሰሮች ስምንት ያህሉ ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ናቸው። ፓፒላሪ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ርዝራዡም በጨረራማ አዮዲን ይጠፋል። የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሸምግሎ በሌላ ምክንያት ነው የሚሞተው።

አናፕላስቲክ የተባለው ዓይነት ግን ከዚህ ማጽናኛ ውጪ ነው። ከመቶ የታይሮይድ ካንሰር ሕመምተኞች አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ በታይሮይድ ካንሰር ከሚሞቱት መካከል ያለው ድርሻ ግን ከቁጥሩ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ነው። የአንገት እብጠቱ በወራት ሳይሆን በሳምንታት ያድጋል። ድምፅ ይጎረንናል፣ ምግብ አልወርድ ይላል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በሽታው በታወቀ በአምስት ወር ገደማ ውስጥ ያልፉ ነበር። ሐኪሞች የካንሰርን ደረጃ ሲመድቡ አናፕላስቲክን የሚጀምሩት ከአራተኛው ነው፤ ለዚህ በሽታ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የሚባል የለም። «ይሄኛው ይሻላል» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቤተሰብ ከጥቂት ወራት በኋላ ድንኳን ሲተክል ምን ዓይነት ሐዘን ላይ እንደሚወድቅ ማሰብ አያዳግትም።

ሁለቱ ካንሰሮች የሚነሡት ግን ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ነው። አዮዲንን ከደም ስቦ ሆርሞን የሚሠራው የታይሮይድ ሕዋስ አንዳንዴ ገሩን፣ አንዳንዴ ጨካኙን ይወልዳል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የዘረመል ተመራማሪዎች የለፉት ይህን ልዩነት ለማወቅ ነው፤ አብዛኛውንም ፈትተውታል ማለት ይቻላል። በእኔ እምነት ዛሬ ትልቁ ጥያቄ ያ ዕውቀት ትንፋሹ እያጠረ ያለ ሰው አልጋ አጠገብ በስንት ቀን ይደርሳል የሚለው ነው። ለኢትዮጵያም መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ልዩነቱን ማወቅ ለገሩም ካንሰር እንደሚያስፈልግ የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ያሳያል። አገሪቱ በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሔራዊ የካንሰር ምርመራ ጀመረች። በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ አንገትን በአልትራሳውንድ መታየትም ተለመደ። ከ1993 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የታይሮይድ ካንሰር ምዝገባ አሥራ አምስት እጥፍ አደገ፤ የሟቾች ቁጥር ግን ባለበት ቆየ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምናልባት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳያስቸግራቸው አብሯቸው ሊኖር ለሚችል ካንሰር ዕጢያቸው ተቆርጦ ወጣ፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልካቸውን የሆርሞን ኪኒን ጥገኛ ሆኑ። የትኛው ገር፣ የትኛው ጨካኝ እንደሆነ ያልለየ ሕክምና በአንዱ በኩል ያለምክንያት ይቆርጣል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ይዘገያል።

የዘረመሉ ፍለጋ መጀመሪያ ፍሬ ያፈራው በጣሊያን ነው። በ1990 የኔፕልስ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ፓፒላሪ ካንሰሮች ውስጥ አርኢቲ የተባለው ዘረመል ከቦታው ተሰብሮ ከሌላ ዘረመል ጋር ተጣብቆ አገኙት። አርኢቲ አዮዲን በሚስበው የታይሮይድ ሕዋስ ውስጥ ዝም ማለት ያለበት ዘረመል ነው፤ ከሌላው ጋር ሲጣበቅ ግን ሳይጠሩት ይናገራል፣ ሕዋሱንም «ተባዛ» እያለ ያዝዛል። ለእንዲህ ያለው ስብራት አንዱ ምክንያት ጨረር ነው፤ ከዚያ ግኝት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ማብላያ ፈንድቶ ጨረራማ አዮዲን በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ ላይ ተበትኖ ነበር። አዮዲኑ ሣር ላይ አረፈ፣ ላሞች በሉት፣ ልጆችም በወተት ጠጡት። የልጅ ታይሮይድ አዮዲን ይወዳል፤ የመጣው አዮዲን ጨረር ያለው ይሁን የሌለው አይለይም። እስከ 2005 ድረስ በዚያ ዕድሜ ጨረሩ ካገኛቸው መካከል ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

የእነዚያ ልጆች ካንሰር በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ በወጣ ትልቅ ጥናት ዲኤንኤው ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ ጨረሩ በበዛ ቁጥር የዲኤንኤው ሁለቱም ሰንሰለቶች አንድ ላይ የተሰበሩበትና በተሳሳተ መንገድ የተቀጠሉበት ምልክት በዝቶ ተገኘ። ጨረር ዲኤንኤን ይሰብራል፤ ሕዋሱ ለመጠገን ሲጣደፍ የማይገናኙትን ያገናኛል። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚልቀው ግን ሌላ ነው፦ ከጨረር የመጡት ካንሰሮች ለብቻቸው የተለየ ጨካኝ ዝርያ ሆነው አልተገኙም። ከተራው ፓፒላሪ ጋር አንድ ዓይነት መንገድ ነው የተከተሉት፤ የተለየው መነሻቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የጨካኙ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

በ2003 ብራፍ የተባለ ዘረመል በታይሮይድ ካንሰር ውስጥ ተለውጦ ተገኘ። ከሦስት ቢሊዮን በላይ ከሆኑት የዲኤንኤ ፊደላት አንዲቷ ትቀየራለች፤ በዚህም የተነሣ ከብራፍ ፕሮቲን ስድስት መቶኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ቫሊን መሆኑ ቀርቶ ግሉታሚክ አሲድ ይሆናል። ብራፍ በጤናው ጊዜ ከሕዋሱ ቆዳ የመጣ ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ነው። ፊደሏ ከተቀየረች በኋላ ግን ትእዛዝ ቢመጣም ባይመጣም የመባዛት መልእክት መላኩን አያቆምም። ይህ ለውጥ ከፓፒላሪ ካንሰሮች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ተቸገሩ። ገሩን ካንሰር ግማሹን የያዘ ለውጥ የጨካኝነት ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ብራፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይድናሉ። በ2014 በ496 ፓፒላሪ ካንሰሮች ላይ የተሠራው የአሜሪካ ትልቅ አትላስ ሌላ ነገር ጨመረ፦ የፓፒላሪ ዲኤንኤ በአስገራሚ ሁኔታ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሳንባ ወይም ከቆዳ ካንሰር ጋር ሲነጻጸር የተበላሸው ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ዋና ለውጥ ይገኛል፣ ከዚያ ሌላ የሚነገር አይኖርም። ገርነቱም የሚገለጸው በዚሁ ነው።

መልሱ የመጣው ቴርት ከተባለው ዘረመል ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር የክሮሞሶም ጫፍ ያጥራል፤ ሲያልቅ ሕዋሱ መከፈል ያቆማል። ይህ ሰውነት ካንሰርን ከሚከላከልባቸው ጥንታዊ መንገዶች አንዱ ነው። ቴርት የዚያን ጫፍ ጠጋኝ ነው፤ በአዋቂ ሰው አብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ግን ተኝቷል። በ2013 ብዙ ቡድኖች በተከታታይ ያሳዩት የቴርት መቀስቀሻ በሆነው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ከሁለት ቦታዎች አንዱ ሲቀየር የተኛው ቴርት እንደሚነቃ ነው። የተቀየረው ቦታ ብራፍ በሚልከው መልእክት የሚነቁ ፕሮቲኖች የሚያርፉበት አዲስ መቀመጫ ይሆናል። ብራፍ ሕዋሱን ይገፋዋል፤ ቴርት ደግሞ ማለቂያ የሌለው ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ይመጋገባሉ። ለዚህ ከአባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተሻለ ገላጭ አላገኘሁም፤ ነገሩ የሆነውም እዚያው አንገት ላይ ነው።

በ2014 የጆንስ ሆፕኪንሱ ሚንግዣኦ ሺንግ ከባልደረቦቹ ጋር 507 የፓፒላሪ ሕመምተኞችን ተከታትሎ ውጤቱን አሳተመ። ሁለቱም ለውጦች ከሌሉባቸው 287 ሰዎች ካንሰሩ የተመለሰባቸው 25 ነበሩ። ሁለቱም ካሉባቸው 35 ሰዎች ግን 24ቱ ላይ ተመለሰ። ከመቶ ዘጠኝ የማይሞላውና ከመቶ ስልሳ ዘጠኝ የሚጠጋው ቁጥር አንድ መጠሪያ ባለው በሽታ ውስጥ ነው የተቀመጠው። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታዩ ብዙዎቹ አንድ ይመስሉ ነበር።

ቀጥሎ በ2016 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የጄምስ ፋጊን ቡድን መንገዱን እስከ መጨረሻው ሄደበት። 33 አናፕላስቲክና 84 በከፊል መልካቸውን የለወጡ፣ በገሩና በጨካኙ መካከል ያሉ ካንሰሮችን አነበቡ። የቴርት ለውጥ በፓፒላሪ ከመቶ ዘጠኝ፣ በመካከለኛዎቹ ከመቶ አርባ፣ በአናፕላስቲክ ከመቶ ሰባ ሦስት ሆነ። ደረጃው እየጨመረ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ፒ53፣ የተጎዳ ሕዋስ ቆሞ እንዲጠገን ወይም እንዲሞት የሚያዝዘው ዘረመል፣ በመካከለኛዎቹ ከመቶ ስምንት ብቻ ተበላሽቶ ሲገኝ በአናፕላስቲክ ከመቶ ሰባ ሦስት ነበር። አናፕላስቲክ ከሰማይ የወረደ አይደለም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ለዓመታት አንገት ውስጥ ከነበረ ገር ካንሰር ወይም ከቆየ እንቅርት ነው የሚነሣው። መጀመሪያ ብራፍ ወይም አርኤኤስ የተባለው ዘረመል ይለወጣል፣ ከዚያ ቴርት ይነቃል፣ በመጨረሻ ፒ53 ይወድቃል፤ ያኔ ሕዋሱ ታይሮይድ መሆኑን ራሱ ይረሳል። አዮዲን መሳብም ያቆማል። ጨረራማ አዮዲን የማይሠራበትም ለዚህ ነው።

ይህ ካርታ መድኃኒት ወልዷል። ግንቦት 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት የብራፍ ለውጥ ላለበት አናፕላስቲክ ፈቀደ። መሠረት የሆነው ጥናት መጀመሪያ ያሳተመው የ16 ሰዎችን ውጤት ነበር፤ በ11ዱ ላይ ካንሰሩ በግልጽ ኮሰሰ። አሥራ ስድስት ሰው ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። በወራት ውስጥ በሚገድል፣ ምንም መድኃኒት እሺ በማይለው በሽታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። በኋላ ቁጥሩ ወደ 36 ሲያድግ ከግማሽ በላይ ላይ ሠርቷል፤ ሕክምናውን ከጀመሩ በኋላ የኖሩበት ጊዜ መካከለኛ ቁጥርም 14 ወር ተኩል ሆኗል። ፈውስ ብዬ አልጠራውም። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ አርኤኤስን ቀይሮ ከመድኃኒቱ ያመልጣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲጣመር ነው። በሂዩስተን ኤም.ዲ. አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ሐኪሞች ሊቆረጥ አይችልም የተባለን ዕባጭ በመድኃኒቱ አኮስሰው ከዚያ ማውጣት ጀመሩ። ማዕከሉ የ479 ሕመምተኞቹን ታሪክ በ2020 ሲያሳትም፣ ከ2000 እስከ 2013 አንድ ዓመት የተሻገሩት ከመቶ 35 የነበሩት ከ2017 እስከ 2019 ከመቶ 59 ደርሰው ነበር። መድኃኒቱን ወስደው ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ካገኙት 20 ሰዎች መካከል ደግሞ ከመቶ 94 ያህሉ ዓመቱን ተሻግረዋል። እዚያ አናፕላስቲክ የተጠረጠረበት ሰው በተራ ወረፋ አይጠብቅም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ቡድን አለ፣ የዘረመሉ ምርመራም ከመጀመሪያው ቀን ይላካል። ከፊሉ ድል የመድኃኒቱ ነው፤ ከፊሉ ግን የምርመራው ወረቀት በፍጥነት የመሄዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ ሦስትና አራት ሳምንት ቢፈጅ፣ በአምስት ወር የሚገድል ካንሰር ያለበት ሰው ከቀረው ጊዜ ስንቱን ውጤት ሲጠብቅ ሊያሳልፈው ነው?

ስለ ሌላው ጨካኝ፣ ስለ ሜዱላሪ፣ በአጭሩ ላንሣ። እሱ የሚነሣው ካልሲቶኒን ከሚሠሩት ሌሎች የታይሮይድ ሕዋሳት ነው፤ ከአራት ሕመምተኞች አንዱ በዘር የወረሰው ነው። በ1993 ተጠያቂው ያው አርኢቲ መሆኑ ታወቀ፤ ለውጡ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፍበት ዕድል እኩል በእኩል ነው። በካንሰር ዘረመል ምርምር ውስጥ እንደዚህ ግልጽ ጥቅም ያለው ግኝት ብዙ የለም፤ ልጁ ገና ሳይታመም ደሙ ይመረመራል፣ ለውጡ ካለ ዕጢው ካንሰር ሳይሆን ይወጣል። እጅግ ከባዱን ለውጥ የወረሰ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ከዚያ ቀጥሎ ከባድ የሆነውን ለውጥ የወረሰ አምስት ዓመት ሳይሞላው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ይመከራል። እዚህ ላይ ለአገሬ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ በእኛ ዘንድ የቤተሰብን በሽታ ከዘመድ መሸሸግ የተለመደ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት ሜዱላሪ ተገኝቶባት አርኢቲዋ ከተመረመረ፣ ያንን ወረቀት አዲስ አበባና ደሴ ላሉ ወንድም እህቶቿ መላክ አለባት። እሷ ዘንድ ያለው ወረቀት የልጆቻቸውን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ወደ አገራችን ልመለስ። እንቅርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሴቶች 35.8 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በደጋው መሬት ውስጥ አዮዲን ትንሽ ነው። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ደግሞ ጨው በአፋር ከሚገኘው አፍዴራ መምጣት ሲጀምር አዮዲን የሚጨመርበት አሠራር ተቋረጠ። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በዚያ ዓመት ከመቶ ቤቶች 15ቱ ብቻ አዮዲን ያለው ጨው ነበራቸው፣ በ2016 ግን 89 ደረሱ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው እናቶቻችን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከዚያ በፊት በነበረው ጨው ነው። አናፕላስቲክም የሚመጣው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ አዮዲን በጎደለባቸውና እንቅርት በቆየባቸው አካባቢዎች እንደሚበዛም ከአውሮፓ ልምድ ይታወቃል።

እንቅርት ያለበት ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ አብዛኛው እንቅርት እስከ መጨረሻ እንቅርት ሆኖ ይኖራል። ሃያ ዓመት ዝም ያለ እንቅርት በሳምንታት ካደገ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። «ድሮም ነበረባት» ብሎ ማሳለፍ አይገባም።

የአሜሪካኖቹንም መቶኛ ወስደን ለራሳችን መገመት የለብንም። አዮዲን በጎደለበት አገር ፎሊኩላር የሚባለው ካንሰር ድርሻው ከፍ ይላል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በብራፍ ሳይሆን በአርኤኤስ መንገድ ነው። ስለዚህ ብራፍ ያለባቸው አናፕላስቲኮች እኛ ጋ ቁጥራቸው ኒው ዮርክ ካለው ሊያንስ ይችላል። የ2014ቱ አትላስ ናሙናዎች አብዛኞቹ የነጮች ነበሩ፤ የኛን ሕዝብ ቁጥር እዚያ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ያንን የሚሞላልን እኛው የምናነበው ናሙና ነው።

ለዚህ ሚሊዮኖች የሚያወጣ የዲኤንኤ ማንበቢያ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። የተለወጠውን የብራፍ ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚያቀልም ቪኢ1 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል አለ። ከሰም ብሎክ በተቆረጠ ስስ ናሙና ላይ ይደረጋል፤ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መልስ ይሰጣል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር የ2021 መመሪያ ራሱ ለፍጥነት ሲል ይህንን ይመክራል። ለጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ለዚህኛው ሌላ ማሽን አይገዛም፤ የሚገዛው ቀለሙን ነው።

«መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በወር ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ውጤቱን ብናውቅ ምን ይጠቅመናል?» ለሚለው ጥያቄ አክብሮት አለኝ፤ ከሐኪሞች አፍ የሚወጣውም ከጭካኔ ሳይሆን ከተስፋ መቁረጥ ነው። መልሴ ግን አለ። አንገት ላይ በሳምንታት የሚያድግ ሁሉ አናፕላስቲክ አይደለም። የታይሮይድ ሊምፎማም በአዛውንት ሴት አንገት ላይ በዚሁ ፍጥነት ያድጋል፤ በዚሁም ያስጨንቃል። በማይክሮስኮፕ ተራ ምርመራ ሁለቱ ሊምታቱ ይችላሉ። ሊምፎማ ግን ለዓመታት በምናውቀው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይታከማል፤ ብዙዎችም ይድናሉ። ሁለቱን የሚለየው ብራፍ የሚቀለምበት ያው የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ነው። «አናፕላስቲክ ነው፣ ቤቷ ወስዳችሁ አስታምሟት» ተብላ የምትሰናበት እናት ሊምፎማ ይዟት ከሆነ የሞተችው በምርመራ እጦት ነው።

አናፕላስቲክ ሆኖ ለተረጋገጠውም ቢሆን እውነቱን በሦስት ቀን ማወቅ ብዙ ይለውጣል። ጥቅም የሌለው ቀዶ ሕክምና ይቀራል፣ የትንፋሽ መንገዱ ቀድሞ ይታሰብበታል፣ የሕመም ማስታገሻው በጊዜ ይጀመራል፣ ውጭ ያሉ ልጆች በጊዜ ይጠራሉ።

ሌላው ሥራ ደግሞ ዛሬ ሊጀመር የሚችል ነው። በየፓቶሎጂ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የቆዩ የታይሮይድ ናሙናዎች በሰም ብሎክ ታሽገው ተቀምጠዋል። ከእነዚያ ብሎኮች ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል፤ ቪኢ1ን መቀባት ደግሞ ከዚያም ይቀልላል። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ አንድ ፓቶሎጂስትና በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ አንድ ዕቅድ ካሉ የኢትዮጵያ አናፕላስቲክ ካንሰሮች ስንቶቹ በብራፍ፣ ስንቶቹ በአርኤኤስ መንገድ እንደመጡ መቁጠር ይጀመራል። ጤና ሚኒስቴር ስለ መድኃኒቱ ዋጋ ከአምራቾች ጋር ለመነጋገር በሚቀመጥበት ቀን በቅድሚያ የሚጠየቀው በዓመት ስንት ሰው ይፈልገዋል የሚለው ይሆናል፤ መልሱ የሚገኘውም ከእነዚያ ብሎኮች ነው።